የካናዳዋ አልበርታ ፕሮቪንስ የምርጫ ካርታ እንደገና ሊሰመር ነው፤ ማን ይጠቀማል?

የሌሊት_ሾፌር (ካልጋሪ)
ጁን 2025

ሰላም ለቤቱ። ትናንት ሌሊት ከኤርፖርት የጫንኩት ሰውዬ እስከ ዳውንታውን ድረስ አፉን አልዘጋም። «ካርታውን እየቀየሩት እኮ ነው! በ2027 ምርጫ ኤንዲፒ የፈለገውን ያህል ድምፅ ቢያመጣ ዋጋ የለውም፤ መስመሩ ላይ ተበልቷል» አለኝ። (ኤንዲፒ ግራ ዘመሙ ተቃዋሚ ፓርቲ ነው፤ መንግሥት ላይ ያለው ወግ አጥባቂው ዩሲፒ ነው።) ቲፕ ሳይሰጥ ወረደ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቤት ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ማንበብ ጀመርኩ። የገባኝን ላስቀምጥ፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

አልበርታ አሁን 87 ራይዲንግ አላት። (ራይዲንግ የምለው የምርጫ ክልል ማለቴ ነው። ዝም ብዬ «ክልል» ካልኩ አገር ቤት ያለ ሰው ገብቶ ሌላ ጠብ እንዳይነሳ ብዬ ነው።) በ2024 መጨረሻ የወጣ ሕግ ቁጥሩን 89 አድርጎታል። መስመሩን የሚያሰምረው በዳኛ ዳላስ ሚለር የሚመራ አምስት ሰው ያለበት ኮሚሽን ነው። ሁለቱ አባላት በመንግሥት በኩል የተጠቆሙ ናቸው፣ ሁለቱ በተቃዋሚው መሪ በኩል።

ሕዝባችን ወደ 4.9 ሚሊዮን ነው። ለ89 ሲካፈል ለአንድ ወንበር 55 ሺህ ሰው ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን ሕጉ 25 በመቶ ከፍም ዝቅም ማለት ይቻላል ይላል። ስለዚህ አንዱ ራይዲንግ 41 ሺህ ሰው፣ ሌላው ወደ 69 ሺህ ሰው ይዞ ሁለቱም እኩል አንድ ወንበር ያገኛሉ። እኔን ያልተዋጠልኝ ይሄ ነው። የምኖረው ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ነው። ቤዝመንቱ፣ ላዩ፣ ጋራዡ ሳይቀር ሰው ያለበት ሰፈር። የኛ ሰፈር ድምፅ ከገጠሩ ድምፅ ያነሰ ነው ማለት ነው?

---

ቁጥር_አይዋሽም (ኤድመንተን)

ሾፌሩ፣ ጥሩ ጠይቀሃል። ተሳፋሪህ ግን አጋኗል።

የ2023ቱን ውጤት እንይ። ኤንዲፒ 44 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ87ቱ 38 ወንበር ወሰደ። 38 ለ87 ሲካፈል 43.7 በመቶ ነው። ዩሲፒ 52.6 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 49 ወንበር ወሰደ፤ 56.3 በመቶ። ይሄ ስርቆት ከሆነ ሌባው በጣም ሰነፍ ነው።

ከተሞቹ ተበድለዋል የሚለውንም በካልኩሌተር አየሁት። በ2021ዱ ቆጠራ አልበርታ 4,262,635 ሰው ነበራት። ካልጋሪ 1,306,784፣ ኤድመንተን 1,010,899። በዚህ ስሌት ከ87 ወንበር ለካልጋሪ 26.7፣ ለኤድመንተን 20.6 ይደርሳቸው ነበር። ያላቸው 26 እና 20 ነው። የሁለቱ ጉድለት ቢደመር አንድ ወንበር ተኩል እንኳ አይሞላም። ኤንዲፒ መንግሥት ለመመሥረት 44 ወንበር ያስፈልገው ነበር፣ የጎደለው 6 ነው። ሂሳቡ አይገጥምም።

ለ89 ብናሰላው ደግሞ በዚያው ቆጠራ ለካልጋሪ 27.3፣ ለኤድመንተን 21.1 ይመጣል። ኮሚሽኑ 27 እና 21 ከሰጠ ማንም አልተዘረፈም። ከዚያ በታች ከሰጠ ያኔ አብረን እንጮሃለን።

---

ብርቱ_ሴት (ኤድመንተን)

@ቁጥር_አይዋሽም አንተ ደግሞ ስንት ወንበር እንጂ የት እንደሚሰመር አታይም።

እኛ ኤድመንተን በ2023 ሃያውንም ወንበር ለኤንዲፒ ሰጠን። ከ20 ሃያ። አንድም ሳይቀር። መሥሪያ ቤት ጨፈርን። ጠዋት ስንነሳ የዩሲፒዋ ዳንኤል ስሚዝ አሁንም ፕሪሚየር (የአልበርታ መንግሥት መሪ) ናት። ያኔ ነው የገባኝ። የኛ ሰፈር እጩ በአንድ ድምፅ ቢያሸንፍም፣ በስምንት ሺህ ቢያሸንፍም ያው አንድ ወንበር ነው። ትርፉ ወዴት ይሄዳል? የትም። ለድግስ ተሠርቶ እንግዳ ያልመጣለት ወጥ ነው፤ በድስት ሞልቶ ይቀራል። ካልጋሪ ውስጥ ደግሞ ከሁለት መቶ ባነሰ ድምፅ የሚሸነፍ ሰው አለ። ከኛ ድስት አንድ ጭልፋ ብንልክለት በቃው ነበር።

---

ባለ_ሬስቶራንት (ካልጋሪ፣ 17ኛ አቬኑ)

ብርቱዬ ወጥ ብለሽ የኔ መንደር ገባሽ፣ በኔ ቋንቋ ላስረዳ።

ቤቴ 15 እንግዳ መጣ እንበል። 9 ሽሮ ይፈልጋሉ፣ 6 ክትፎ። ሦስት ጠረጴዛ አለኝ፣ በያንዳንዱ አምስት ሰው ይቀመጣል። ደንቡ እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ምግብ ብቻ ነው የሚያዘው፣ ብዙኃኑ የመረጠውን።

እኩል በታትኜ ባስቀምጣቸው በየጠረጴዛው 3 ሽሮ፣ 2 ክትፎ ይሆናል። ሽሮ ሦስቱንም ጠረጴዛ ጠራርጎ ወሰደ። ክትፎዎቹ ስድስት ሆነው አንድ ጉርሻ ሳያገኙ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አሁን ደግሞ ሌላ አቀማመጥ። አምስት ሽሮዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰበሰብኳቸው። የቀሩትን አራት ሽሮዎች ሁለት ሁለት አድርጌ ከሦስት ሦስት ክትፎዎች ጋር አስቀመጥኳቸው። ክትፎ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሽሮ አንድ። ያው እንግዳ፣ ያው ኩሽና፣ አንድም ሰው ሐሳቡን አልቀየረም።

የኤድመንተን ሰዎች እነዚያ አምስቱ ሽሮዎች ናችሁ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተሰብስባችሁ በደስታ ትበላላችሁ።

---

ብርቱ_ሴት (ኤድመንተን)

ሃሃሃ ተገድያለሁ። ግን እኛን ማን አስቀመጠን? ራሳችን ነን የተቀመጥነው!

---

ባለ_ሬስቶራንት (ካልጋሪ፣ 17ኛ አቬኑ)

እሱ ነው እኮ ነገሩ። አሜሪካ ውስጥ አስተናጋጁ ነው የሚያስቀምጥህ፤ ብዙ ቦታ ካርታውን የሚሠራው ፓርቲው የሞላበት የስቴቱ ምክር ቤት ነው። እዚህ በአብዛኛው እንግዳው ራሱ መርጦ ይቀመጣል።

---

ብሩክስ_ነኝ

«በአብዛኛው» ያልከው ላይ ልግባ።

እኔ ብሩክስ ስጋ ፋብሪካ ከገባሁ 15 ዓመት አለፈኝ። ሐበሻ፣ ሱማሌ፣ ሱዳን፣ ፊሊፒን፣ ሁላችንም አንድ መስመር ላይ ቢላዋ ይዘን የምንቆም ነን። ከኛ ወደ ሜዲስን ሃት በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ካልጋሪና ኤድመንተን ያላችሁ ብዙ አታውቁትም።

ድሮ አብዛኛው የሜዲስን ሃት ከተማ በአንድ ራይዲንግ ውስጥ ነበር፣ ስሙም ያው ሜዲስን ሃት። በ2015 ኤንዲፒ እዚያ አሸነፈ። ያሸነፈው ቦብ ዋነር ይባላል፣ የምክር ቤቱም አፈ ጉባኤ ሆነ። ሜዲስን ሃት! ወግ አጥባቂ የሚባለው ደቡብ ምሥራቅ!

በ2017 ኮሚሽኑ አዲስ ካርታ አወጣ። ከተማውን ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን ከኛ ጋር አድርገው ብሩክስ-ሜዲስን ሃት አሉት። ግማሹን ከገጠሩ ጋር አድርገው ድሮም ወደነበረው ሳይፕረስ-ሜዲስን ሃት ከተቱት። በ2019 ዩሲፒ ሁለቱንም ወሰደ። እንዲያውም ዳንኤል ስሚዝ በ2022 የፓርቲው መሪ ሆና ወንበር ስታጣ የት መጥታ ተወዳደረች? እኛ ጋ፤ ብሩክስ-ሜዲስን ሃት። ኖቬምበር 8 ቀን ነበር የማሟያ ምርጫው። ከሺፍት ወጥቼ በስጋ ቦት ጫማዬ ነው ሄጄ የመረጥኩት። ማንን እንደመረጥኩ አልነግራችሁም።

ስለዚህ ሾፌሩ፣ መስመር ምንም አያመጣም የሚሉህን አትስማ። አንድ መካከለኛ ከተማ ለብቻው ከሆነ አንድ ዓይነት ውጤት ያመጣል። ለሁለት ሰንጥቀህ ከገጠር ጋር ስታጣብቀው ሌላ ነገር ይሆናል።

---

የሌሊት_ሾፌር (ካልጋሪ)

@ብሩክስ_ነኝ በለው! ይሄንን ነበር የምፈልገው። ስለዚህ ዩሲፒ ነው ያሰመረው?

---

ብሩክስ_ነኝ

አይ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ነው ቀልዱ። በ2017 መንግሥት ላይ የነበረው ኤንዲፒ ነው! ኮሚሽኑ የተቋቋመው በኤንዲፒዋ ፕሪሚየር በሬቸል ኖትሊ ጊዜ ነው፤ ሰብሳቢዋ ዳኛ ማይራ ቢልቢ ነበሩ። ካርታውን ያጸደቀው ምክር ቤት ውስጥ አብላጫው ኤንዲፒ ነበር። የራሳቸው ሰው ያሸነፈበት ከተማ ሲሰነጠቅ ዝም አሉ።

---

ቁጥር_አይዋሽም (ኤድመንተን)

ልጨምርበት። ያው ካርታ ለካልጋሪ አንድ፣ ለኤድመንተን አንድ፣ ከካልጋሪ ወጣ ብሎ ላለው ለኤርድሪና ኮክረን አካባቢ አንድ አዲስ ወንበር ጨምሯል። ሦስቱ የመጡት ከገጠር ተቀንሰው ነው። ከአምስቱ የኮሚሽን አባላት አንዷ የገጠሩ ድምፅ ተዳከመ ብላ የተቃውሞ ሪፖርት ጽፋለች። የዚያን ጊዜ «ኤንዲፒ ካርታውን ለራሱ አመቻቸ» እያለ የሚጮኸው የገጠሩ ወገን ነበር። ከዚያ የ2019 ምርጫ መጣ። ዩሲፒ 63፣ ኤንዲፒ 24።

አመቻቸ የተባለው ፓርቲ እንዲህ ሆነ።

---

ጋሽ_ዘውዴ

ልጆቼ፣ እኔ አልበርታ የገባሁት ራልፍ ክላይን ፕሪሚየር ሳለ ነው። ትንሽ ልናገር፤ ጽሑፌ ረጅም ከሆነ ታገሱኝ።

እናንተ ስለ መስመር ስታወሩ የረሳችሁት ትልቅ ነገር አለ፤ ፓርቲ ሲከፈልና ሲዋሃድ። በ2015 ኤንዲፒ 40.6 በመቶ አግኝቶ 54 ወንበር ያዘ። የት አመጣው? ቀኙ ለሁለት ስለተከፈለ ነው። ፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ 27.8 በመቶ፣ ዋይልድሮዝ 24.2 በመቶ። ሁለቱን ደምሩ፤ ከግማሽ ያልፋል። አሁን ደግሞ ይሄን ጉድ ተመልከቱ። ብዙ ድምፅ ያገኘው ፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ አሥር ወንበር ገደማ ነው የደረሰው፤ አነስ ያለ ድምፅ ያገኘው ዋይልድሮዝ 21 ወንበር ወሰደ። ለምን? የዋይልድሮዝ ሰው ገጠር ላይ ተሰብስቦ ነበር። የሌላው በየቦታው ተበትኖ በየቦታው ሁለተኛ ይወጣል። ሁለተኛ መውጣት ደግሞ ለማንም እንጀራ አይሆንም። ባለ ሬስቶራንቱ ስለ ክትፎ የነገራችሁ በትክክል ይህ ነው።

በ2017 ሁለቱ ተዋህደው ዩሲፒ ሆኑ። ካርታውም የተቀየረው በዚያው ዓመት ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ የ2019ን ውጤት ቀየረ ብትሉኝ፣ ውህደቱ ነው እላለሁ። ካርታው ቢበዛ ጥቂት ወንበር ነው የሚያንቀሳቅሰው።

ጥቂት ማለቴ ግን ምንም ማለቴ አይደለም። በ2015 ካልጋሪ-ግሌንሞር ላይ በመጀመሪያው ቆጠራ ሁለቱ እጩዎች እኩል 7,015 ድምፅ ነበር ያገኙት። እኩል! ተቆጥሮ ተቆጥሮ ኤንዲፒ በ6 ድምፅ አሸነፈ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ አንዲት ኮንዶ መስመሩን ተሻግራ ብትወድቅ አለቀ። ባለቤቴ ያን ዕለት ጉንፋን ይዟት አልወጣችም ነበር። ሌላ ራይዲንግ ውስጥ ነን፤ እስከ ዛሬ ግን እቀልድባታለሁ።

---

ሁሉም_ያው_ነው

ጋሼ ቢጽፉ ቢጽፉ መልሱ አንድ ነው። ፖለቲከኛ ፖለቲከኛ ነው። «ነጻ ኮሚሽን» የሚባል ነገር የለም። አምስት ሰው፣ ሁለቱ የእገሌ ሁለቱ የእገሊት። ይሄ ነው ነጻ?

---

የሰሬይ_ልጅ (ብሪቲሽ ኮሎምቢያ)

@ሁሉም_ያው_ነው ነጻ ያልሆነው ምን እንደሚመስል ልንገርህ። እኛ ጋ በ1979 ምርጫ ላይ ቫንኩቨር ውስጥ አንድ ራይዲንግ ነበር። በወቅቱ በሥልጣን ላይ የነበረው የሶሻል ክሬዲት መንግሥት ሚኒስትር የግሬስ ማካርቲ ነው። ካርታው ላይ ከራይዲንጉ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የወጣ ቀጭን ቁራጭ ነበር፤ ለሷ ፓርቲ የሚመርጡ ሀብታም ሰፈሮችን ለመልቀም ተብሎ። ሕዝቡ «የግሬሲ ጣት» አለው። እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይወራል። እንዲያ ዓይነቱ ነው ጄሪማንደሪንግ። በ1989 ደግሞ የፕሮቪንሱ ፍርድ ቤት በራይዲንጎች መካከል ያለው የሕዝብ ልዩነት ቅጥ አጥቷል ብሎ ካርታው እንዲስተካከል አደረገ። ከዚያ ወዲህ ጣት አላየንም።

አሁን ወደ ቅርቡ። በ2023 ኮሚሽኑ ከ87 ወደ 93 አሳደገን። ስድስቱም ጭማሪ ሕዝብ በበዛበት ነው የሄደው፣ ሰሬይ አንድ ደርሷታል። በኦክቶበር 2024 ምርጫ ኤንዲፒ 47፣ ኮንሰርቫቲቭ 44፣ ግሪን 2። 47 ማለት ከ93 አንዲት ፍሬ የማትተርፍ አብላጫ ናት። ሰሬይ-ጊልድፎርድ ላይ ኤንዲፒ ያሸነፈው ስንት ድምፅ በልጦ ነው? በ22። እኛ ፎቅ ላይ ከ22 የሚበልጥ ሰው አለ።

ግሪኖች ደግሞ 8 በመቶ አግኝተው ሁለት ወንበር። እነሱን ምንም ዓይነት መስመር አያድናቸውም፤ በየሰፈሩ ቅመም ያህል ተበትነዋል።

---

ሁሉም_ያው_ነው

እሺ 22 ድምፅ አስደንግጦኛል። ስለ ኮሚሽኑ ግን አቋሜ ያው ነው።

---

ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

ከሩቅ ሆኜ እያነበብኩ ነው። የሽሮና የክትፎው ምሳሌ እኛንም ይመለከታል። በኛ አቆጣጠር በ1997 አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ለቅንጅት ሰጠች። ፓርላማው ግን 547 ወንበር ነው። አዲስ አበባን ጠራርጎ መውሰድ ስሜት ይሰጣል እንጂ ከ547 ውስጥ 23 ምን ታህል ናት? እንደ ኤድመንተኗ እህታችን ጨፍረን ነበር።

ሌላው ልዩነት፣ እናንተ በየጊዜው ካርታ ትቀይራላችሁ። በኛ ሕገ መንግሥት ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ መካሄድ አለበት፤ የምርጫ ክልሎችን ደግሞ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ አቅርቦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በቆጠራው መሠረት ይወስናል። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዘንድሮ መምረጥ ይችላል።

---

አወያይ

ፒያሳ፣ እንኳን ደህና መጣህ። በ1997 ውጤት ላይ ያለው ንትርክ ግን የራሱ ክር አለው፤ 140 ገጽ ደርሷል። እዚያ ቀጥሉ። እዚህ ካርታ ብቻ።

---

ሬጃይና_ቀዝቃዛዋ (ሳስካቸዋን)

ሾፌሩ ያልተዋጠለት 25 በመቶው ነው አይደል? ጎረቤታችሁን እዩ። ሳስካቸዋን ውስጥ ሁለቱ የሰሜን ራይዲንጎች በሕግ ለብቻቸው የተያዙ ናቸው። የቀሩት ሁሉ ከአማካዩ ከ5 በመቶ በላይ ማነስም መብለጥም አይችሉም። ድምፅ ከድምፅ እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ያመጣው ለውጥ? በ2024 ኤንዲፒ ሬጃይናን 12 ከ12 ጠራረገ። ሳስካቱን ውስጥ ከ14ቱ 13 ወሰደ። ሰሜኑን ሁለቱን ጨመረ። ድምር 27። ሳስካቸዋን ፓርቲ 34፤ መንግሥት ሆነ። በሰው ቁጥር እኩል አድርጋችሁ ብትቆርሱትም ከተማ ብቻ የሚወደው ፓርቲ ከተማ ብቻ ነው የሚያሸንፈው።

እኔ ለኤንዲፒ በር እያንኳኳሁ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አልተዋጠልኝም። ግን መስመሩን መሳደብ አልችልም።

---

የትራክ_ሰው (ግራንድ ፕሬሪ)

ሁላችሁም የከተማ ሰው ናችሁ፣ ያስታውቃል። የገጠሩንም ወገን ስሙ።

እኔ ከግራንድ ፕሬሪ ወደ ሰሜን ዕቃ አመላልሳለሁ። እዚህ ሕጉ እስከ አራት ለሚደርሱ ልዩ ራይዲንጎች ከአማካዩ በግማሽ ማነስን ይፈቅዳል። አሁን ሁለት አሉ፤ ሌሰር ስሌቭ ሌክ እና ሴንትራል ፒስ-ኖትሊ። እነዚህን በመኪና የሄደባቸው ሰው አይቀናባቸውም። አንዱ ከተማ ወጥቼ ሌላው እስክደርስ ሬዲዮው ሁለት ጊዜ ይጠፋል። እዚያ ያለ ገበሬ ኤምኤልኤውን (የምክር ቤት ተወካዩን) ለማግኘት ግማሽ ቀን ያቃጥላል። ሾፌሩ ሰፈር የኤምኤልኤው ቢሮ ከግሮሰሪው ጎን ነው።

(በነገራችን ላይ ያ «ኖትሊ» የሬቸል አባት ግራንት ኖትሊ ነው። የኤንዲፒ መሪ ሆኖ በ1984 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በስሙ የተጠራው ራይዲንግ አሁን የዩሲፒ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ሰሌዳውን አይቼ እገረማለሁ።)

---

እታለም (ካልጋሪ)

ትራኩ ሰውዬ ያለው ሕግም አለው። በ1991 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሳስካቸዋንን ካርታ አይቶ የድምፅ እኩልነት ዋናው ቢሆንም ብቻውን አይበቃም አለ። የቦታ ስፋት፣ የአካባቢ ታሪክ፣ አብሮ የሚኖር ማኅበረሰብ ጥቅም፣ እነዚህም ይታያሉ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ማክላክሊን «ውጤታማ ውክልና» የሚል ቃል ተጠቀሙ። የግሬሲ ጣት አገር ላይ በ1989 የፈረዱትም እሳቸው ናቸው።

እኔ የያዝኩት «አብሮ የሚኖር ማኅበረሰብ» የሚለውን ነው። ባለፈው ለኮሚሽኑ አስተያየት ልሰጥ ሄጄ ነበር። የልጄን ማድመቂያ እርሳስ ወስጄ ካርታ ላይ 17ኛ አቬኑን አቅልሜ ይዤ ገባሁ። ምግብ ቤቶቻችን፣ ቅመም ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሁሉም እዚያ ነው፤ አንድ ላይ አቆዩን አልኳቸው። በትህትና ሰሙኝ። አንዱ «ቤተሰቦቻችሁስ የሚኖሩት የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቆም አልኩ። እኔ ደቡብ ነኝ። እህቴ ሰሜን ምሥራቅ። ቤተ ክርስቲያን ያሉት በየአቅጣጫው። 17ኛ አቬኑ እንበላለን እንጂ አንኖርም። ክርክሬ እዚያው ሟሟ።

አዳራሹ ውስጥ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይሄንን ሳልናገር አላልፍም። ዲሽ ላይ የፖለቲካ ውይይት ሲሆን ግን ሳሎናችን ይሞላል።

---

ባለ_ሬስቶራንት (ካልጋሪ፣ 17ኛ አቬኑ)

እታለምዬ ተባረኪ። መብላቱንም ቢሆን አትተዉ።

---

ቁጥር_አይዋሽም (ኤድመንተን)

@የሌሊት_ሾፌር መጀመሪያ የጠየቅከው ሳይመለስ ቀረ። «የኛ ሰፈር ድምፅ ከገጠሩ ያንሳል ወይ?» አልክ። አንድ ነገር ላስታውስህ። መስመሩ የሚሰመረው በሕዝብ ቁጥር ነው፤ በመራጭ ቁጥር አይደለም። ሕፃኑም፣ ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ያለውም፣ በሥራ ፈቃድ የመጣውም ይቆጠራል። ድምፅ የሚሰጠው ግን ዜጋ ብቻ ነው። አንተ ሰፈር ዜግነት ያልወሰደ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በ55 ሺህ ሕዝብ ውስጥ ያለው መራጭ፣ ሁሉም ዜጋ ከሆነበት የገበሬ አገር ያነሰ ይሆናል። አንተ ዜጋ ከሆንክ ድምፅህ እንዲያውም ከባድ ነው።

---

የሌሊት_ሾፌር (ካልጋሪ)

@ቁጥር_አይዋሽም ይሄ በፍጹም አልመጣልኝም ነበር። ባለቤቴ ገና ፒአር ናት፤ ለካ እኔ የሷንም ድርሻ ይዤ ነው የምመርጠው። እንዳትሰማ።

ዛሬ ሥራ ሳልገባ የራሴን ራይዲንግ ታሪክ ፈለግኩ። ካልጋሪ-ኖርዝ ኢስት ይባላል። በዚያው በ2017ቱ ካርታ የተፈጠረ አዲስ ነው። በ2019 የዩሲፒዋ ራጃን ሶኒ አሸነፈች። በ2023 መስመሩ አልተነካም፣ ያው ነው፤ የኤንዲፒው ጉሪንደር ብራር አሸነፈ። ሶኒ ከኛ ሰፈር ወጥታ ካልጋሪ-ኖርዝ ዌስት ሄዳ ተወዳደረች፣ እዚያ ከ200 ባነሰ ድምፅ አለፈች።

ስለዚህ ተሳፋሪዬ ስለ ሜዲስን ሃት ቢነግረኝ እሺ እለው ነበር። ስለኔ ሰፈር ግን አላወቀም።

---

ብርቱ_ሴት (ኤድመንተን)

ታዲያ ባለቤትህ የዜግነት ፈተናውን መቼ ነው የምትወስደው?

---

የሌሊት_ሾፌር (ካልጋሪ)

መጽሐፉ ፍሪጅ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ አወርደዋለሁ። ሺፍት ገባሁ፣ ቻው።